የክብርት ማህፉዛ ሁለት ነጥብ ሦስት

ሐበሻ በሰው አገር ተሰባስቦ በተከራየበት ቦታ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ጠበቃ አይጠፋም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ካልተሟገተ የበላው አይፈጭለትም። በእኛ ሕንጻ፣ አውሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ፣ ይህን ሹመት የያዘችው ጎረቤቴ ክብርት ማህፉዛ ነበረች።

ስቴፕልተን የሚባለው አሮጌው ኤርፖርት ተዘግቶ አዲሱ የተከፈተበት ዓመት ነው። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ ማህፉዛ እንግልውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አንድ ቃል ከአፏ አይጠፋም፦ "የት ላይ ተጽፏል?" የሕንጻው ማናጀር በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው ሲላት፣ "የት ላይ ተጽፏል?" የአውቶቡስ ሹፌር የመቀያየሪያ ትኬትሽ ጊዜው አልፎበታል ሲላት፣ "የት ላይ ተጽፏል?" ሹፌሩ ትኬቱን እያገላበጠ ሲያነብ፣ ታክሲዬ ጋራዥ የገባችብኝ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ቀጠሮ አመለጠኝ።

ዝናዋ የናኘው ግን ሽማግሌው ጎረቤታችን አቶ ዳኛቸው የቁም ምልክት ጥሰዋል ተብሎ የትራፊክ ክስ መጥቶባቸው፣ እንድታስተረጉምላቸው ፍርድ ቤት ይዘዋት የሄዱ ቀን ነው። እሳቸው አንድ ቃል ሲናገሩ እሷ አሥር ትተረጉማለች። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

"አስተርጓሚ ነሽ ወይስ ጠበቃ?" አሏት።

"ለጊዜው አስተርጓሚ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ። የቁም ምልክቱን ግን ዛፍ ሸፍኖታል። ፎቶ አንስቻለሁ፤ ላሳይዎት?"

ዳኛው ሳቁ፣ ፎቶውን አዩ፣ ክሱን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ አቶ ዳኛቸው መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ያነሱላት ጀመር።

"ሕግ ልማር ነው" አለች በሳምንቱ።

ችግሩን ሕንጻው ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ ፋርማሲስት እንድትሆንላቸው ስለፈለጉ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ገብታ ነበር። አሲድን "የት ላይ ተጽፏል?" ቢሉት አይመልስም። ሁለት ዓመት ስትወድቅ ስትነሳ ቆይታ ወደ ታሪክ ዞራ ብትመረቅም፣ ጠቅላላ ውጤቷ ከአራት ሁለት ነጥብ ሦስት ሆኖ ቀረ። በሁለት ነጥብ ሦስት ሕግ ትምህርት ቤት ማን ያስገባል?

"ይቅርብሽ፣ በከንቱ ትደክሚያለሽ" አልኳት።

"ጋሼ፣ አንተ ታክሲ ስትጀምር ከተማውን ታውቀው ነበር?"

የመጀመሪያ ተሳፋሪዬ በስተደቡብ ያለው ሊትልተን ውሰደኝ ሲለኝ፣ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ይዤው ሄጃለሁ።

ለመግቢያ ፈተናው ስትዘጋጅ የሎጂክ ጥያቄውን እኛ ላይ ትሞክረው ነበር። "ስድስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ማን ከማን ጎን ነው?" አቶ ዳኛቸው አሰብ አድርገው፣ "ሠርግ ነው ለቅሶ?" አሏት። በእኛ እርዳታም ቢሆን ፈተናውን ከአብዛኛው ተፈታኝ በልጣ አለፈችው! ትምህርት ቤቱ ግን ተጠባባቂ ናት አለ። እሷም ከትምህርት ቤቱ ጋር ቀጠሮ አስያዘች፤ በታክሲዬ ወሰድኳት።

"ግባ፤ ግን ምንም እንዳትናገር" አለችኝ።

የቅበላ ኃላፊዋ ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። ውጤቷን አዩና፣ "በዚህ ማርክ ሕግን ትችዪዋለሽ ብለን እንዴት እንመን?" አሏት። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ሴትዮዋን ትበላቸዋለች ብዬ።

"ልክ ነዎት" አለች ማህፉዛ።

ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

"ሁለቱን ዓመት አልከራከርባቸውም። አባቴን እምቢ ማለት ፈርቼ የማልወደው ትምህርት ገባሁ፤ ወደቅሁ። ታሪክ ከጀመርኩ በኋላ ያለውን ማርክ ይዩልኝ። እኔ ያቺ የታሪክ ተማሪዋ ነኝ።"

ሴትዮዋ ገጹን ገልጠው የታሪኩን ማርክ አዩት። ቃል አልገቡላትም። ታክሲው ውስጥ ስንገባ ማህፉዛ እንባዋ መጣ።

"ስለ ሰው ስሟገት እንዲህ አይከብደኝም ነበር እኮ፣ ጋሼ።"

ክረምቱ ወጣ፤ ወሬ የለም። ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ጠዋት ከቤቷ ጩኸት ሰማሁ። እሳት ተነሣ ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። የስልኩ እጀታ በሽቦው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ እሷ ደረጃው ላይ ትዘላለች።

"ገባሁ! ጋሼ፣ ገባሁ! ተቀበሉኝ!"

እልልታው ሕንጻውን አናጋው። አቶ ዳኛቸው በፒጃማ ወጥተው እስክስታ ወረዱ። ጩኸቱን ሊያስቆም የመጣው ማናጀር እንኳ፣ ነገሩ ሳይገባው ታቅፎ ሲሳም ዋለ።

ከዚያ ክብርት ማህፉዛ መጽሐፍ ውስጥ ገባች። ስንገናኝ "ሰላም ጋሼ" ብላ እየሮጠች ታልፋለች። ወሬ ስጀምር "ልክ ነህ" ትለኛለች። እኔን! ሕንጻው ሰላም ሆነ፤ ሰላሙም አላስቀምጥ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም። ታክሲዬን ሄጄ ሁልጊዜ ባዶውን በሚውለው የእሷ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ያውም አጣምሜ፣ ፓርክ አደረግኩና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ብዙም አልቆየ፤ የበረንዳው በር ተበርግዶ፣

"ጋሼ! ይሄ ምንድን ነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ምኑ?" አልኩ፣ ሳቄን አፍኜ፤ ወርዳ እስክትሟገተኝ ቸኩዬ።