መድረክ ላይ ወስልቼ ቤት ውስጥ ተቀጣሁ

ባል ሆይ፣ ሳታጠፋ ይቅርታ ከምትለምን አጥፍተህ ብትለምን ይሻልሃል! ያጠፋ ቢያንስ የሚናዘዘው አለው። ያላጠፋው ምን ብሎ ይገላገላል? አትሳቁ... ደርሶብኝ ነው።

አቡዳቢ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። በዚያ በኮሮና ሰሞን፣ ቤት ተዘግቶብን ከከረምን በኋላ፣ የሐበሻው ማኅበር ትያትር ላዘጋጅ ብሎ ተነሳ። መድረክ ላይ ጭምብል አውልቆ መጠጋጋት የሚፈቀደው ለአንድ ቤት ሰው ብቻ ነበርና፣ ወስላታው ባል እኔ፣ የተካደችው ሚስት ደግሞ ባለቤቴ ሮማን ሆንን። ችሎታ አይተውብን እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ፍሪጅ ስለምንከፍት ነው!

ልምምዱ ሳምንት ሳይሞላው ሮሚ ተለወጠች። ጽሑፉን ታነባለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ምነው?»

«ደራሲው ‹ዓይኗን እያየ ይዋሻል› ነው ያሉት። አለማፈሩን ከየት አመጣኸው?»

ወሬው ሱቄም ደረሰ። አል ባጢን ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ወጥ የሚሠሩት እትዬ አስካለ ሁለት ሜትር ርቀው ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ በርበሬው ምን ተቀላቅሎበታል?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ!»

«ሚስቱን ያታለለ ለእኔ ይመለሳል?»

የትያትሩ መጨረሻ ደግሞ ሚስቲቱ ሻንጣዬን ስትወረውር ነው። በሰው ፊት ተባርሬ በየትኛው ፊቴ ቤቴ እገባለሁ? ስለዚህ ዓርብ ዕለት ሮሚን «ሙሳፋ መጋዘን ዕቃ ላወርድ ነው» አልኳትና ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ አል አይን ገሰገስኩ፤ ደራሲው ጋሽ ደምሴ እዚያ ዛኸር የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። ሁለት ኪሎ በርበሬ አስጨብጬ፣

«እባክዎ ያስታርቁን!» አልኳቸው።

አሸተቱት፤ አስነጠሳቸው። በዚያ ዘመን ማስነጠስ... እስከ በሩ ዘለልኩ! ሲረጋጉ ሻንጣውን ሰርዘው «ይቅር ብዬሃለሁ» የምትል መስመር ጻፉልኝ። አዲሱን ገጽ ለሮሚም በራሳቸው ፈቃድ እንደለወጡት አስመስለው ላኩላት። ለአዳራሹ መግቢያ የሚጠየቀውን የአፍንጫ ምርመራም እዚያው አል አይን ጨረስኩ፤ ወረፋው አጭር ነበር። ነጋዴ ነኝ፣ በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ!

የትያትሩ ቀን ዘበኛው በር ላይ «የምርመራ ውጤት» አለ። ጭምብሉ መነጽሬን በትንፋሽ ስለጋረደው ስልኬን ለሮሚ ሰጠኋት። ከፈተችው። አረንጓዴ፣ ከኮሮና ነፃ! ከሥሩ ደግሞ፦ ዓርብ፣ አል አይን።

ስልኩን መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። እሷ ዝም ስትል ኮሮና ጉንፋን ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ተንበረከክሁ፤ ያቺን መስመር ጠበቅሁ።

«ዓርብ የት ነበርክ?»

ኧረ ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም!

«ሙ... ሙሳፋ።»

«አፍንጫህ ግን አል አይን ነበር!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ትያትር መስሏቸዋል እኮ! እትዬ አስካለ ከኋላ «እንዳትለቂው!» ብለው ጮኹ።

ኸላስ፣ በቃ፣ እውነቱን አፈረጥኩት። «ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄጄ ነው... ይቅር እንድትይኝ እንዲጽፉልኝ።»

የሮሚ ከንፈር ፈገግ ሊል ሲል አየሁት። ዳንኩ አልኩ።

«በምን አሳመንካቸው?»

«በሁለት... ኪሎ በርበሬ።»

ፈገግታዋ ወደ መጣበት ተመለሰ።

«የእኔ ይቅርታ ሁለት ኪሎ ነው?»

የተሰረዘው ሻንጣ ከመድረኩ ጥግ ተነስቶ በጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ።

ይኸው ወር ሙሉ ሶፋ ላይ ነኝ። በትያትሩ ውስጥ የነበረችኝን ውሽማ ረስታታለች፣ የአል አይኑንም ውሸት ይቅር ብላኛለች። አልዋጥላት ያለው ሚዛኑ ነው። እናንተም ወንድሞቼ፣ የሚስታችሁን ይቅርታ ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ... በኩንታል ጫኑ!