ሻይ አቅርባ የምትወጣው ልጅ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ለመሆኑ ፊልም ስታዩ ዋናዎቹን ተዋንያን ትታችሁ በር ከፋቿን የምትከታተሉ ስንት ናችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም በስደት አገር፣ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር አብሬያት የምኖረው፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳው አክስቴ ወይንሸት ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ የፍቅር ኮሜዲ በቪዲዮ እናያለን። ነጮቹ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይሳሳማሉ። ጥቁሯ ሠራተኛ ሻይ አስቀምጣ ትወጣለች። ያኔ አክስቴ ቴፑን ወደ ኋላ ትመልሳለች።

«ይህችን የመሰለች ልጅ ባል የላትም? ቤቷስ የት ነው?»

ዘንድሮ ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ መምህር አልገጠመኝም። እንዴት አላደንቃት?

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ መሃል ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የላኳቸው የሆቴሉ በረኛ ጋሽ ተካ ናቸው። አክስቴ እዚህ አገር ታላቅ ዘመድ ስለሌላት የጋብቻውን ጥያቄ ያመጡት ለራሷ ነው።

«ተቀመጡ እንጂ!» አለች።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

«ኦኬ፣ ልጅቷ ሻዩን እስክታስቀምጥ ጠብቁኝ።»

ልጅቷ ሻዩን አራት ጊዜ አስቀመጠች። ሽማግሌዎቹም አራቱንም ጊዜ ቆመው አዩ። በመጨረሻ በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ይዘው፣ «ወይንሸት፣ ለዚህች ልጅ ሽማግሌ የላከ የለም። ላንቺ ግን ተልኳል» አሉ።

አክስቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

«እሺ» አለች።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ የተቀመጡት ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1986 ነው።