ኦርሊን የጨመረው እጀታ

ፋብሪካ ጨርሻለሁ ብሎ የሸጠውን ዕቃ "ገና ነው" የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መሐንዲሶች ዓመታት የተጨነቁበትን ማሽን አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ያየዋል፤ ከዚያ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቅና "እዚህ ጋ አንድ ነገር ረስተዋል" ይላል። በእኛ በሰሜን ዊስኮንሲን ይህን ሹመት የያዙት ጎረቤቴ ክቡር ኦርሊን ሃውገን ናቸው። ማዕረጉን እዚህ ላይ ልተወው፤ ክቡር ተብሎ ቢጠራ ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ሰው ይፈልጋል።

ኦርሊን የሚታወቅበት ቃል "እግረ መንገዳችንን" ነው። አንድ ጊዜ መሰላል ሊመልስልኝ መጥቶ የአጥሬ በር ማጠፊያ ሲጮህ ሰማ። "እግረ መንገዳችንን ልየው" አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ የሰው ላሞች ጎመኔን እየጎበኙ ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የሚከፈት በር ሠራለት፤ ፓስተራችን የዓሣ ትሪ ይዘው ሲገቡ በሩ ከወዲያ በኩል ተቀበላቸው። ሚስቱ ማቪስ እንዲህ ትላለች፦ "እቤታችን ውስጥ እንደመጣሁ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔንም ቢሆን ጉልበቴ በጮኸ ቁጥር አተኩሮ ያየኛል።"

ባለፈው መኸር ወገቤ እንቢ አለኝ። ቤቴን የማሞቀው ከራሴ ጫካ በማመጣው እንጨት ነው፤ ማንንም አምጣልኝ ብዬ አላውቅም። ትንሿ ትራክተሬ ከፊቷ አካፋ አላት፤ ግንዱን አካፋው ላይ የሚያወጣው ግን የእኔ ወገብ ነበር። ልጄ ጃኔል ከምትኖርበት ከማዲሰን ከተማ ደወለች።

"አባዬ፣ በረዶ ሳይጥል እንጨትህን ራስህ ማስገባት ካልቻልክ እኛ ጋ ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ" አልኩ። ቃሌን አላጥፍም። እሷም እንደ አባቷ ናት፤ ሳትውል ሳታድር ለትራክተሯ ገዢ አገኘች። ቅዳሜ ሊያያት ይመጣል ተባለ።

ኦርሊን ይህን ሲሰማ ከአንድ ጨረታ ያመጣውን ዝገት የበላው የብረት መንጋጋ ጭኖ ግቢዬ ገባ።

"ዴልመር፣ ትራክተርህ አፍ አላት፤ መንጋጋ ግን የላትም።"

"ልትሸጥ ነው እኮ፣ ኦርሊን።"

"እንግዲያው ተሟልታ ትሸጥ። እግረ መንገዳችንን።"

መንጋጋው ግንድ ነክሶ እንዲይዝ የዘይት ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ ዘይቱን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የራሱ እጀታ ያለው ተጨማሪ ቫልቭ። ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ብጠይቀው በትራክተሯ ሽፋን አቧራ ላይ በጣቱ ሣለልኝ። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ መጀመሪያ የፊቱ አካፋ ይጠጣል፣ ቀጥሎ የኋላዎቹ ማንሻ ክንዶች፣ የተረፈው ወደ ዘይት ቋቱ ይመለሳል። አዲሱ ቫልቭ መሐል ላይ ይገባና የራሱን ጠጥቶ ለቀጣዩ ያሳልፋል። እኔ ሽያጩን ረስቼ ጥያቄ አበዛሁ። ካልተጠጣ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱን አንድ ላይ ቢጠማቸውስ? ሥዕሉን ለማየት ጎንበስ ያልኩት ወገቤን ሳላስፈቅድ ነው።

ቫልቩን አሰርን፣ ቱቦዎቹን አጠበቅን፣ ሞተሩን አስነሣን። መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። የኋላዎቹ ክንዶች ግን ሞተው ቀሩ።

ኦርሊን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። "ገባኝ" አለ በመጨረሻ። "ዘይቱ ወደ ክንዶቹ አሳልፈኝ ሲለኝ እኔ ወደ ቋቱ ሸኘሁት።"

ቱቦውን ወደሚገባው ቀዳዳ መለሰውና ክንዶቹ ተነሡ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አዲሱን እጀታ ስትስበው መዝጋት የሚገባው መንጋጋ ይከፈታል፤ ስትገፋው ይዘጋል።

"ሁለት ቱቦ ማቀያየር ነው፤ የአንድ ሲጃራ ሥራ ናት" አለና የብሎን ቁልፉን አነሣ። የዚያን ጊዜ ገዢው ገባ።

ጫማው ገና ጭቃ ያልነካው ትሑት ሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ወጣ፣ መንጋጋውን ግንድ ላይ አወረደ፣ እጀታውን ሳበ። መንጋጋው ቧ ብሎ ተከፈተ። ደግሞ ሞከረ፤ ግንዱ ተንከባልሎ እግረኛ መንገዱ ላይ ተኛ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ወደ ኦርሊን ዞሮ።

እኔም ኦርሊንን አየሁት። ይህ ሰው ባልተጠየቀበት ሁሉ መልስ ያለው ሰው ነው። ለጥርስ ሐኪሙ እንኳ፣ አፉን ከፍቶ እንደተኛ፣ ወንበሩ ሲጢጥ የሚልበትን ምክንያት አስረድቷል። አሁን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ደመናውን ተመለከተ።

"እንጃ" አለ። "እነዚህ ነገሮች አስቸጋሪ ናቸው።"

ገዢው አመሰገነንና ሄደ። መኪናው ከጥዱ ማዶ እስኪሰወር ጠበቅኩ።

"ሁለት ቱቦ ማቀያየር አላልክም እንዴ?" አልኩት።

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከውም?"

"አልጠየቀኝማ።"

"ጠየቀህ እኮ።"

"አጠያየቁ ደስ አላለኝም" አለና ወደ ግንዱ አገጩን ቀሰረ። "እግረ መንገዳችንን ይህን ከመንገድ ላይ አንሣው።"

ትራክተሯ ላይ ወጥቼ እጀታውን ገፋሁ፤ መንጋጋው ነከሰ። ከዚያ ሌላ ግንድ አመጣሁ፣ ከዚያም ሌላ። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል እንጨቴ በሙሉ ጣሪያ ሥር ነበር፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ጃኔል መጥታ ክምሩን ዞራ አየችው፤ እሷም ቃሏን አላጠፈችም፤ እኔም ትራክተሯም እዚሁ ቀረን።

የተገላቢጦሹ እጀታ ግን ኦርሊንን እንቅልፍ ነሣው። በጓሮዬ ባለፈ ቁጥር እንደታመመ ጥርስ በምላሱ የሚነካካው ይመስላል። አንድ ቀን ቁልፉን ይዞ መጣና ቱቦዎቹ ሥር ተንበረከከ።

"ተወው" አልኩት።

"ዴልመር፣ ይህ ስሕተት ነው። ሰው አይቶ የኦርሊን ሥራ ነው ይላል።"

"ሌላ ገዢ ሊመጣ ይችላል" አልኩት።

ቱቦዎቹን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ መለሰ።