የላላ መሪ አይቼ አላልፍም

የላላ ነገር ሲያዩ እጃቸውን የሚበላቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? የበር እጀታ ይሁን የወንበር እግር፣ ሳያጠብቁ አያድሩም። ማን ለመናቸው? ማንም። እዚህ ቡታጅራ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ጢሙን የምላጨው ሰውዬ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ከድር በዕድሜ የገፋች ሳይክል አላቸው። ፍሬን በያዙ ቁጥር የመሪዋ አንገት ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ አስቆምኳቸው።

«ወላሂ ለምጄዋለሁ፤ አትድከም ልጄ» አሉ።

ይለመዳል እንዴ? መፍቻዬን አመጣሁ። ስለ ዳዶ፣ ስለ ኩሽኔታ፣ ስለ ሥልጣኔ ጭምር እያስተማርኳቸው እንደ ድልድይ ብሎን አጠበቅኩት። ባጃጆቹ ፍጥነት የቀነሱት እኔን ለማድነቅ መሰለኝ። ድምፁ ጠፋ። ጋሽ ከድርም «አላህ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳይክሏን እየገፉ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። «ለጤናዬ ብዬ ነው» ይሉኛል። እኔም ጤና አይናቅም ብዬ አበረታታኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ሳይክል ሠሪው ጋ አገኘኋቸው። ሠሪው መሪውን ፈትቶ የደቀቁ የኩሽኔታ ኳሶች መዳፉ ላይ አራገፈና ጮኸ።

«እስከማይዞር ድረስ ያጠበቀው የትኛው ጅል ነው? የታችኛው ዳዶ እኮ በእጅ ነው የሚጠበቀው፤ መፍቻ ለላይኛው ነው!»

ጋሽ ከድር አየት አደረጉኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «እኔ ነኝ፤ እርጅና ነው» አሉ።

ስለ ሥልጣኔ ያን ሁሉ ያወራሁት ሰውዬ፣ «የለም፣ እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ።