ከጀልባ ጋር የሚያወራው ሰውዬ

ትልቅ ሰው መጫወት ይፈቀድለታል፤ ችግሩ የሚጫወትበት ዕቃ ነው። አንድ ሃምሳን የተሻገረ ጎልማሳ፣ መኖሩን እንኳ ለማያውቅ የእንግሊዝ ቡድን ሶፋ ላይ ቆሞ ቢጮኽ፣ ተሸነፈ ብሎ እራት ቢተው፣ «ኳስ ወዳድ ነው» ይባላል። ካርታ ይዞ ግማሽ ቀን ቢቀመጥም «ይዝናና እንጂ፣ ሲለፋ አይደል የሚውለው!» ይባልለታል። ይኸው ሰው ግን በገዛ እጁ የሠራትን አንድ ክንድ የምታህል ጀልባ ሐይቅ ላይ አስቀምጦ በሪሞት ቢነዳት ጉድ ፈላ። እናንተም ፈገግ ብላችኋል፤ አውቃለሁ።

ያ ሰው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ኦስሎ ወደብ ላይ ጎታች ጀልባ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች መሐል ባሕር ላይ ማን ይችላቸዋል፤ ወደብ ሲደርሱ ግን ካልደገፏቸው መቆም ያቅታቸዋል። እኛ በትንሿ ጀልባችን ገመድ ተቀብለን፣ ሲያሻን ጎትተን ሲያሻን ገፍተን ከግንቡ እናስጠጋቸዋለን። ሙያውን የጀመርኩት በጉብዝናዬ ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። አገሬ ባሕሯን ስታጣ እኔ ሙያዬን ይዤ ተሰደድኩ።

ጨዋታውን ያስጀመረኝ ሼል የሚባል ጡረታ የወጣ የጀልባችን መካኒክ ነው። እሱ በሪሞት የሚያበረው ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ በጎማ ፈንታ ሁለት ተንሳፋፊ ጫማ ያላት፣ ከውኃ ተነስታ ውኃ ላይ የምታርፍ። እኔም አንድ ሞክሬ ጥድ ላይ ሰቀልኳትና «ለኔስ ውኃው ይሻለኛል» ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ምድር ቤት ወርጄ፣ ቦዳችን ውስጥ፣ ያቺ አሮጌ ሻንጣና የበረዶ ጫማ የምናጉርባት ክፍል ውስጥ ማለቴ ነው፣ የሥራ ጀልባዬን አሳንሼ ሠራኋት።

ባለቤቴ ወይንሸት ሲከየም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት ነው፣ እዚያ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሳ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ውላ ትመጣለች። እሷ ቤት ስትገባ እኔ ምድር ቤት ነኝ። ስወጣ «ሥራ እንዴት ነበር?» ትለኛለች፤ «ደህና» እላታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ደህና»! ዝም አይነቅዝም ብሎ ያሳደገኝ አገር ነው፤ ምን ላድርግ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት የማኅበር እህት ሰፈራችን አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸር ታየኛለች። አንቴና ያለው ሳጥን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ውኃ ውኃውን እያየሁ «ቀስ... ገመዱ ይወጠር... በቃ!» እላለሁ። የሥራ ልማድ ነው፤ ጀልባ ላይ ያልተነገረ ነገር አይደረግም። እሷ ምኑን አውቃ! «ወይንሸት እህቴ፣ ባልሽን ጸበል ውሰጂው» ብላ ነገረቻት።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሰብሳቢው ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አሁን ጡረተኛ። ወይንሸት ብዙም አልተናገረች። «ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ስሟን ጠርቼ እጣላ ነበር» አለች። «ከእኔ ጋር አያወራም፤ ከጀልባ ጋር ያወራል። ደክሞኛል። ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ።»

ስቃ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ጀልባዋ ከቤት ትውጣ ብለው ሊበይኑ ሲሉ «ጋሽ ወርቁ፣ ተከሳሿን ሳያዩ ይፈርዳሉ?» አልኳቸው። ይህች ነገር የድሮ ሙያቸውን ነካችባቸው። «እውነቱን ነው። ማየትማ አለብን» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎችና ወይንሸት ነጠላቸውን እንደለበሱ ሐይቁ ዳር ተሰለፉ። በረዶው ከውኃው ላይ ከለቀቀ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ሼል በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና አውሮፕላኑን አስነሳ። ሁለት ዙር በረረች፤ ሐይቁ መሐል እንዳረፈች ሞተሯ ጸጥ አለ። ይባስ ብሎ አንደኛው ጫማዋ ውኃ ማስገባት ጀመረና ክንፏ አዘነበለ። ሁለት ክረምት የለፋባት ናት። ሼል «ያ፣ ያ» አለ ዝግ ብሎ። ኖርዌጂያን እንዲህ ካለ እኛ ዘንድ እሪ ማለት ነው።

ጀልባዬን ላክሁ። ከኋላዋ መንጠቆ ያለው ገመድ አስሬባት ነበርና አውሮፕላኗን ስትዞራት መንጠቆው ያዘ። እዚህ ላይ ሥራ ላይ ሌላ ሰው ቢያደርገው የምሳደብበትን ስሕተት ሠራሁ። ሚስቴ እያየችኝ ነው፣ ሽማግሌ እያየኝ ነው፤ ቸኮልኩ። ገመዱ ወደ ጀልባዋ ኋላ ሳይዞር፣ ከጎኗ እንደሆነ በኃይል ጎተትኩ። ከጎን የተወጠረ ገመድ ጎታቹን ነው ገልብጦ የሚጥለው። ጀልባዬ ተጋደመች፤ ውኃ ወለሏ ላይ ወጣ።

«ተገለበጠች!» ብላ ወይንሸት ጮኸች።

ሞተሩን አጠፋሁ። ገመዱ ሲላላ ጀልባዋ ቀና አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ፣ ጀርባዋን ወደ አውሮፕላኗ አዙሬ፣ «ቀስ... ይወጠር... አሁን ሳብ» እያልኩ አመጣኋት። ሼል ጉልበቱ ድረስ ገብቶ አውሮፕላኑን ታቀፈ። ጋሽ ወርቁ «አበጀህ! አበጀህ!» እያሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። ፍርዱ ወዴት እንዳዘነበለ ማንም ያውቃል።

ወይንሸት ግን ጠጋ አለችኝ። «ያ መጋደም ሥራ ላይም ያጋጥማል?» አለችኝ።

እዚህ ጋ «አይ» ብል ምን ነበረበት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ድል አድርጌያለሁ፣ አፌ ተፈቷል። «ያጋጥማል እንጂ! እውነተኛዋ ከሆነችማ ለመዝለል እንኳ ጊዜ የለም። አንዴ እኛ በንፋስ ቀን አንድ የኮንቴይነር መርከብ ከጎን ይዞን፣ ውኃው ወገቤ ደርሶ ነበር፤ ገመዱ ባይለቅ ኖሮ...»

«መቼ?»

«ልጃችን አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሰሞን።»

«ያን ቀን ሥራ እንዴት ነበር ብዬህ ነበር?»

«ብለሽኛል።»

«ምን አልከኝ?»

መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ዝም ለካ ይነቅዛል።

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ክሴን ለውጫለሁ። ጀልባዋ ትቀመጥ፤ ሥራውን ይተው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ እንደገና መጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምነዋት፣ እኔም እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም ሳይቀረኝ፣ እንዲህ ተበየነ፤ ጡረታዬ እስኪደርስ ልሠራ፣ ነገር ግን ከየመርከቡ ገመዳችን በተፈታ ቁጥር ለወይንሸት፣ አደጋው አለፈ ለማለት፣ «ተፈታ» ብዬ በስልክ ልጽፍላት፣ ማታም «ሥራ እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ደህና» ማለት ላይፈቀድልኝ። ጋሽ ወርቁ ብይኑን በእጃቸው ጽፈው አስፈረሙኝ።

እያከበርኩ ነው። ቀን ቀን «ተፈታ» እላታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ንፋሱን፣ የገመዱን ውፍረት፣ ካፒቴኑ ያለውን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ከዚያ ምፅዋን፣ ከዚያ ደግሞ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን። መጀመሪያ ሰሞን እጄን ይዛ ነበር የምትሰማኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የአንዱን መርከብ ነገር ጀምሬ ገና ወደቡ አፍ ላይ ሳላደርሰው፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በፍቅር ድምፅ አቋረጠችኝ።

«ተስፋዬ» አለችኝ፣ «እስቲ ቦድ ውረድና ከጀልባህ ጋር ትንሽ አውራ።»