ካባ ያለበስናት ልጅ

በነጻ የሚሠራ ሰው ያስፈራኛል። እናንተን አያስፈራችሁም? ደመወዝተኛ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ወሩ ሊሞላ ሲል ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ። «እኔ ምንም አልፈልግም» የሚል ሰው ሲመጣ ግን በሩን ስከፍትለት ዓይኔንም አብሬ እከፍታለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን አዛውንት የምትረዳ የአንዲት ትንሽ የሰፈር ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በየዓመቱ የኮሌጅ ተማሪዎች በጎ ፈቃደኛ ነን ብለው ይመጣሉ። ቲሸርት እንሰጣቸዋለን፤ ልብስ ያጥባሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ከአዛውንቱ ጋር ፎቶ ይነሣሉ። የምስክር ወረቀት የታደለ ዕለት ታዲያ ዝናብ እንደመጣበት ገበያ ብትን ይላሉ። አልቀየማቸውም። ወረቀቱ ለሥራ ማመልከቻ ይሆናቸዋል፣ እኛም ግቢው ተጠርጎልናል። እንዲህ ያለ ሰው ይገባኛል።

ያልገባችኝ ማህሌት ናት። የጅማ ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪ። ወረቀቷን ተቀብላ ስታበቃ በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ ጥሩዬ ቤት ከች አለች። በሌላውም ቅዳሜ እንዲሁ። እማማ ጥሩዬ የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ነን። ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው፣ የጣና ንፋስ ደጃቸው ድረስ እየመጣ፣ ሐይቁን በዓይናቸው ካዩ ዓመታት አልፈው ነበር። ልጅቷ በባጃጅ አሳፍራ ወደ ሐይቁ ዳር ትወስዳቸዋለች። ለምን? አንዱ የኮሚቴ አባል ቲክቶክ ልትሠራባቸው ነው አለ፤ ስልኳ ግን ከቦርሳዋ አይወጣም። ይኼ ደግሞ የባሰ አጠራጠረን። በመጨረሻ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ሞላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቦታው እኮ ሐይቁ አጠገብ ነው» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም። ወራሽ የሌላቸው አሮጊት፣ ውድ ቦታ፣ ፈገግታ የማይለያት ልጅ። እንድከታተላት እኔ ተመረጥሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር አንድ ዋርካ ተከልዬ ተቀመጥሁ። እማማ ጥሩዬ ድንጋይ ላይ፣ ማህሌት ከእግራቸው ሥር ሣሩ ላይ ናቸው። ጆሮዬን ቀሰርሁ። ስለ ቦታ ካርታ የለ፣ ስለ ውርስ የለ። እማማ የልጅቷን ፀጉር እየሠሩላት ነው። «ራስሽን አታወዛውዢብኝ» ይላሉ፤ እሷ ስለ ፈተናዋ ታወራለች፣ እናቷ እንደናፈቀቻት ትነግራቸዋለች። ጥቂት ቆይታ ጉልበታቸው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸውም እንዳትነቃ ብለው ያን የታመመ ጉልበት ሳያንቀሳቅሱ ሐይቁን ያያሉ። ማን ማንን እንደሚያገለግል ግራ ገባኝ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርሁ።

ያየሁትን ለኮሚቴው ነገርሁ። «እንዲህ ያለችዋ ልጅማ ልታመልጠን አይገባም» ተባለ። እኛ ደግሞ ሰው ስንወድ የምናውቀው ነገር አንድ ነው፤ ካባ ማልበስ። ወንበር ተደረደረ፣ ንግግር ተደረገ፣ ጋሽ ሞላ ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ ደረቡላት። አለቀሰች፣ አጨበጨብን፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረች። ደወልሁላት።

«እንዴ ጋሼ፣ ሸኛችሁኝ እኮ» አለችኝ። «ለሌላ ሰው ተራ ልቀቂ ማለታችሁ መስሎኝ ነው። ፎቶውን ያየ ሌላ ማኅበር ልጆች አስጠኚልን ብሎ ጠራኝ፤ ቅዳሜዬን ሰጠኋቸው። አሁን ቃል ገብቻለሁ። እማማ ጉልበታቸው እንዴት ነው?»

እስቲ አስቡት፤ ካባ ለብሶ በማግስቱ ሥራ የገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚለብሰው ጡረታ የወጣ ነው፣ የተዛወረ ነው። ልጅቷን ለማቆየት ብለን በክብር አሰናበትናት።

ባለፈው ቅዳሜ ራሴ ሄድሁ። እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«ማህሌት አትመጣም። ወደ ሐይቁ እኔ ልውሰድዎ ብዬ ነው» አልኋቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይኸን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ስንኖር ደጄን ረግጠህ አታውቅም» አሉ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ ምን ፈልገህ ነው?»

«እኔ ምንም አልፈልግም» አልሁ።

«ቆየኝ» ብለው እያነከሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ የቤታቸውን ካርታ ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል፤ ጫፉ ይታያል። በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡኝ።

«በል እንሂድ» አሉ።