ጣሊያናዊው ተጫዋች የማን ነው?

ኳስ የሚታይበት ቤት ሁሉ አንድ ወሬ አዋቂ አለው። ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ ጠጋኝ ይጠራል፤ እሱ ከቀረ ግን ቤቱ ወና ነው። የቆቦው ሊቀ ኳስ ክቡር ሙዓዊያ ናቸው፤ በሥራቸው የሽንኩርት ደላላ፣ በማዕረጋቸው የዓለም እግር ኳስ ምስክር። «እኔ ያላየሁት ይቅር!» ይላሉ፣ ከመወለዳቸው በፊት ስለተደረገ ጨዋታ።

አላምረው ግን በልቡ «አንተ» ነው የሚላቸው። አላምረው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ቀን ያልተጻፈበትን ነገር የማያምን ዝምተኛ ሰው ነው። ሙዓዊያ አፉን በከፈተ ቁጥር ቅናት እንደ ቃር ደረቱን ያቃጥለዋል። ምክንያት አለው።

የሙዓዊያ ዝነኛ ታሪክ የጂኖ ፌራንዲ ነው። ጂኖ በፋሺስት ዘመን ጣሊያን አገር ይጫወት ነበር። ከጨዋታ በፊት ጓደኞቹ ሁሉ ለባለሥልጣኖቹ የፋሺስት ሰላምታ ለመስጠት ክንዳቸውን ሲዘረጉ፣ እሱ ብቻ እጁን ሳያነሣ ቆመ። ከቡድኑ አባረሩት፤ ቀጥሎም ወደ ደሴት አጋዙት። ይህን ከአሮጌ መጽሔት አንብቦ ለሙዓዊያ የነገረው አላምረው ነው! ሻይ እየጠጡ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። በሳምንቱ ሙዓዊያ ለሰው ሲያወራው፣ ጂኖ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚሄድ ሎጋ የራያ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ሰው አለቀሰ። ከጎብዬ ድረስ በባጃጅ እየመጡ ይሰሙት ጀመር። አላምረውን ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም።

አንድ እሑድ ሙዓዊያ «ይህን ታሪክ ፈልፍዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲል አላምረው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሌባ!»

የቤቱ ባለቤት ወሰንየለሽ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችው።

«ኧረ ወሰኔ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው!» ብለው ጮኹ ተመልካቾቹ።

«ይጀመር! ሰው ሌባ ተብሎ ዝም ሲባል ነው ደም የሚፈሰው። ሳትታረቁ አልከፍተውም።»

በነጋታው ነገሩ አበጋሩ ሸህ ሙሀመድሰይድ ዘንድ ቀረበ። ሸሁ የደም ባላንጣ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ኳስ አይተው አያውቁም። ታሪኩ የማን እንደሆነ ይፈርዳሉ፤ የተረታው ሁለተኛ አያወራውም።

«በሉ፣ መጀመሪያ ሰውዬውን አሳውቁኝ» አሉ።

አላምረው እንደ ማመልከቻ ዘረዘረው፤ ቀኑን፣ ከተማውን፣ የደሴቱን ስፋት ሳይቀር። አንዲት ስህተት የለችበትም። ከሸሁ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሸሁ ግን ሰምተዋል።

«እጁን ስላላነሣ ብቻ ታሰረ?»

«አዎ ሸህዬ።»

«ማን ሸመገለለት?»

አላምረው ግራ ገባው። «መጽሔቱ ላይ... ማንም። እዚያው ታሞ ሞተ።»

«እንዴት? አብረውት የሚጫወቱት የት ሄዱ? ለምልጃ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅ የሚጠና አንድ ሰው ጠፋ? ምን ዓይነት አገር ነው ጃል!»

ሽማግሌዎቹ ነቁ። የሞተው ዛሬ ጠዋት ይመስል አንገታቸውን ደፉ። ሙዓዊያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኧረ ሄደውለታል ሸህዬ። ጓደኞቹ እርጥብ ሣር ይዘው፣ በጀልባ፣ በዚያ ማዕበል...» እጆቹ ይቀዝፉ ጀመር። ባሕር አይቶ የማያውቀው አላምረው ጀልባዋ ስትንገላታ ታየችው። ቅናቱ ነደደ። ይህን እኔ ለምን አላሰብኩትም?

ሸሁ ወደ አላምረው ዞሩ። «መጽሔቱን ያነበብከው አንተ ነህ። ይህ እውነት ነው? ካልሆነ ይህ ሰው ዋሽቷል፤ ታሪኩም ያንተ ነው።»

ሙዓዊያ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እንዲህ አንሶ አላምረው አይቶት አያውቅም። አላምረው ለመርታት አንድ «አይደለም» ብቻ ነበር የቀረው።

«እውነት ነው ሸህዬ» አለ አላምረው። ከዚያም ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «አስር ሆነው ነው የሄዱት። በረኛው ዋና አይችልም ነበር፤ ቢሆንም ከፊት ተቀመጠ።»